አባይነሽ ካለች

«እኔም እኮ የግፊቱን ክኒን ትቼዋለሁ። አባይነሽ ካለች ብዬ» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት ጎረቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሶሬቲ ድንኳኑ ውስጥ ለለቅሶተኛው ንፍሮ እያዞረች ነበር። ባለችበት ቆመች።

«እትዬ ወርቅውሃ፣ እናቴ ምን አለች?»

«ምንም አይደል፣ ልጄ። በቴሌግራም ስለላከችልን ቪዲዮ እያወራን ነው።»

ሶሬቲ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። እናቷ አባይነሽ ካራ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ነበር የወደቀችው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ነገራቸው። «የግፊት መድኃኒቷን ትወስድ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ «አንድም ቀን አታጓድልም» ብላ የመለሰችው ሶሬቲ ነበረች። ጉርድ ሾላ ተከራይታ ስለምትኖር እናቷን የምታያት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

የእናቷን ስልክ ከፈተች። የእድሩ ሴቶች ግሩፕ ውስጥ ባለው ቪዲዮ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ክኒን ኩላሊት እንደሚጨርስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ብቻ እንደሚበቃ ትናገራለች። ከሥሩ የእናቷ ድምፅ ነበረ።

«እህቶቼ፣ እኔ ክኒኑን ትቻለሁ። ራስ ምታቱም ለቆኛል። ኩላሊታችሁን አትርፉ።»

ሶሬቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ትናንት አፈር ያለበሷት ሴት እየሳቀች ነበር የምታወራው። ከመልእክቷ ሥር ደግሞ ጎረቤቶቿ «አንቺ ካልሽማ» እያሉ መልሰዋል።

ለምን አይሏት? ካራ መንገድ ሳይገባላት፣ ምጥ የጠናባትን ሁሉ ጎረምሳ አሰባስባ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ የምታደርስ አባይነሽ ነበረች። ወርቅውሃ ወልደው ደም አልቆም ሲላቸው፣ «ሐኪም ቤት አልሄድም» ቢሉ እንኳ አልሰማቻቸውም። ዝናብ እየደበደባት ወስዳቸዋለች።

አባቷ በዳዳ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«ነግራኛለች። ‹እንደ እህቴ እንደ ዳርቱ በኩላሊት አልሞትም› አለችኝ። ከእኔ እሷ ታውቃለች ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለሰዉ መንገር አለብን።»

«አፈሩ ሳይደርቅ? በገዛ እጇ ሞተች ይበሏት?»

«እትዬ ወርቅውሃም ክኒናቸውን ትተዋል፣ አባዬ።»

በዳዳ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ፤ ድንኳኑ መሐል ሲቆም ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ።

«አባይነሽ በድንገት አይደለም የሞተችው» አለ። «መድኃኒቷን አቁማ ነው። የላከችላችሁ ነገር ልክ አልነበረም። ብትኖር ራሷ ትነግራችሁ ነበር።»

ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ሌላዋም እንደዚያው። ሶሬቲ ፊታቸውን ስታይ የተዉት ወርቅውሃ ብቻ እንዳልሆኑ ገባት።

ወርቅውሃ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፈዘው ቀርተዋል። ሶሬቲ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይነሱ፣ እትዬ። ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ፣ ልጄ? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ የግፊት መለኪያውን በወርቅውሃ ክንድ ላይ አስራ ነፋችው። ቁጥሩን አየች፤ እንደገና ለካች። ከዚያ ሐኪሙን ልትጠራ በፍጥነት ወጣች።

«መለኪያው ምን አለ?» አሉ ወርቅውሃ።

«በጊዜ ደርሰናል» አለች ሶሬቲ። «አሁን ያዩዎታል።»

ወደ ላይ የተጠቀለለውን የቀሚሳቸውን እጅጌ ቀስ ብላ አወረደች፤ አንጓቸው ላይ ያለውን አዝራር ቆለፈች። ከቆለፈችውም በኋላ እጃቸውን አልለቀቀችም።