የፍሬን አራተኛ እግር

ጂንካ ውስጥ ጎሚስታ ደገፋን የሚያህል ውሃ ፈሪ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ከመነዳሪ ገንዳ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚውል ሰው ውሃ ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ገንዳው ግን ከክርኑ አያልፍም፤ ነሪ ወንዝ ሌላ ነው። ልጅ ሳለ ነሪ ሞልቶ ሊወስደው ሲል በፀጉሩ ጎትተው አውጥተውታል። ከዚያ ወዲህ ድልድዩን እንኳ የሚሻገረው መሃል ለመሃል ነው።

ጣጣው ታዲያ በእሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚጠመቀው ወንዝ ገብቶ፣ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ መሆኑ ነው። ደገፋ አምኗል፣ ተምሯል፣ ከመዘምራኑ ጋር ይዘምራል፤ የጥምቀቱ ቀን በደረሰ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይመጣበታል። አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ጥርስ፣ አንዴ ደግሞ ከቱርሚ የመጣ የጭነት መኪና ጎማ። እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ የሺሃረግ ብቻ ነበረች።

"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይላታል።

"አንተንስ ሳያስቅህ ነው የሚወስድህ" ትለዋለች።

ፍሬን ውሻው ናት። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው፤ ጎሚስታ ቤቱ ፊት ለፊት መንገድ መሃል ትተኛለች፣ መኪናው ሁሉ ለእሷ ፍሬን ይይዛል። አንድ ቀን አንድ ባጃጅ ሳይዝ ቀረና የኋላ እግሯን ሰበራት። አጥንቱ ከገጠመ በኋላም እግሯን መሬት ማስነካት እምቢ አለች። በሦስት እግር እየነጠረች ስትከተለው ቢያይ ደገፋ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

የእንስሳት ሐኪሟ ናርዶስ እግሯን ዳበሰች። "አጥንቱ ድኗል፣ ጋሽ ደገፋ። የሰለለው ጡንቻው ነው፤ ካልሠራ እንዲሁ ይቀራል። ዋና ያስለምዷት። ውሃው ክብደቷን ስለሚሸከምላት ሳያማት አራቱንም ታንቀሳቅሳለች። ለውሻ ከዋና የተሻለ ስፖርት የለም።"

"በገንዳ አይሆንም፣ ዶክተር?"

"በገንዳማ ትታጠባለች እንጂ አትዋኝም!"

በማግስቱ ጠዋት ነሪ ዳር ቆሙ። ለዋና የሚሆን ጥልቀት ያለው ያው የጥምቀቱ ቦታ ብቻ ነው። ደገፋ የተነፋ ከመነዳሪ ይዟል፤ ለራሱ ነው። ዱላ ወረወረ፤ ፍሬን አየችው። አጥንት ወረወረ፤ ፍሬን አዘነች። ቢቸግረው ከመነዳሪውን ታጥቆ ራሱ ገባ። ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ መዝሙር ጀመረ፤ ወገቡ ጋ ሲደርስ ግጥሙ ጠፋበት። ያኔ ፍሬን ጥሏት የሚሄድ መስሏት ዘላ ገባች። አፍንጫዋን ቀስራ ስትቀዝፍ፣ ያቺ የሰለለች እግሯ በጠራው ውሃ ውስጥ ስትሠራ አየ። እንዴት ደስ አለው! እየፈራም ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ነሪ መውረድ ሥራቸው ሆነ። የከመነዳሪው አየር ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደና በመጨረሻ ከመነዳሪው ራሱ ቤት ቀረ። ፍሬን ግን ውሃ ውስጥ በአራት፣ መሬት ላይ በሦስት።

"ጡንቻውማ ተመልሷል" አለች ናርዶስ። "የቀረው ፍርሃት ነው።"

"እሱን በሽታ አውቀዋለሁ" አለ ደገፋ።

የጥምቀቱ ቀን ደረሰ። ደገፋ ምንም አልመጣበትም። ፍሬንን ለየሺሃረግ አስይዞ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ ወረደ።

"ወንድም ደገፋ፣ ዘንድሮ ጥርስህ ደህና ነው?" አሉት ፓስተር አንጁሎ ውሃው ውስጥ ቆመው።

"ደህና ነው" አለ፤ ገባም። ፓስተሩ ደረቱንና ጀርባውን ይዘው አጠለቁት።

ፍሬን የደገፋ ጭንቅላት ሲሰምጥ አይታ አታውቅም። ከየሺሃረግ እጅ አምልጣ እየጮኸች ወደ ውሃው ተፈተለከች። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ መዘምራኑ ተበተኑ።

ደገፋ ብቅ ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ፣ ፍሬን ድንጋዩን እየረገጠች ስትበር አየ። ያቺም እግር እንደ ሌሎቹ ትረግጣለች። ዘላ ውሃ ገባችና ወደ እሱ ቀዘፈች፤ ደርሳም እጅጌውን ነክሳ ወደ ዳር ትጎትተው ጀመር።

ጉባኤው አዲሱ ተጠማቂ ምን ብሎ እንደሚመሰክር ጠበቀ።

"በአራቱም!" ብሎ ጮኸ ደገፋ፣ እንባውና የነሪ ውሃ ተቀላቅለውበት። "የሺ፣ አየሻት? በአራቱም ሮጠች!"

ጉባኤው ነገሩ ባይገባውም "ሃሌሉያ!" አለ።