ቁልፍ ያለው ፍሪጅ

ነጃት የፍሪጁን በር ከፈተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች። ውስጡ ባዶ ነው፣ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ትንሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ከእጀታው በታች ቁልፍ ተሰክቶበታል። ባሏ ከሊፋ ቀደም ብሎ መጥቶ አይቶት፣ «የምታመጪው ይሄን ነው» ብሎ የቆረጠላት እሱን ነው። እሷ ግን ከገባች ጀምሮ እጇ ከበሩ ላይ አልወረደም፤ ልቧም አልተቀመጠም።

ሻጩ ኑረዲን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ የእሱና የነጃት እናቶች እዚያ ቀፊራ ገበያ ጎን ለጎን ነግደዋል። ለዚህ ሲል ታግሷታል። እዚህ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ግን እኩለ ቀን ሲቃረብ የማንም ትዕግሥት አይበረክትም። ጫቱ ከደረሰ በኋላ እንኳን ፍሪጅ ክብሪት የሚሸጥ አይገኝም። ኑረዲን በየመሐሉ በመስታወቱ አሻግሮ መንገዱን ያያል።

እቤት ያለው ፍሪጅ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ አሮጌ ዕቃ ነው። ለብርድ አገር የተሠራ ነገር ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ቢጥሉት ምን ያድርግ፤ ሌት ተቀን ያጓራል፣ ማቀዝቀዙ ግን እምብዛም ነው። የመብራት ቢል በመጣ ቁጥር ከሊፋ ወረቀቱን ያነብና ዞር ብሎ ፍሪጁን ያየዋል። «ይሄ ሰውዬ ከኔ በላይ ይበላል» ይላል። መጀመሪያ ላይ ሲቀልድ ነበር። ዘንድሮ ቀልዱ አለቀ። ነፃ ንግድ ቀጠናው መጋዘን ውስጥ ሲቃጠል ውሎ ቤቱ ሲገባ፣ በሩ ተበርግዶ የሰው እጅ ፍሪጁ ውስጥ ያገኛል።

የሰው እጅ መቼም አይጠፋበትም። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ እነ ነጃት ግቢ፣ ፍሪጅ ያለው የእነሱ ቤት ብቻ ነው። ጎረቤቷ ዓይናለም አምቡሊ ኤርፖርት ለጽዳት ሥራ ስትወጣ የውሃ ጠርሙሷን ትወስዳለች፤ ስትመለስ ሌላ ታስገባለች። ከፊት ለፊት ያሉት ሶማሌዎች ወተታቸውን ያኖራሉ። ማንም አያንኳኳም፣ ማንም አያስፈቅድም። ከሁሉም በላይ ግን በሩ ላይ፣ ከእንቁላሎቹ ጎን፣ የማይሙና የስኳር መርፌ ይቀመጣል። ማይሙና ልብስ ሰፊ ናት፣ የሐረር ሰው፣ ባሏ የሞተባት። ግቢው ሁሉ አዴ፣ እናቴ እንደማለት፣ ይላታል፤ የድሬ ልጆች አንቱታ ስለማያውቁ ግን በአዴም በአንቺም ነው የሚያናግሯት። ያ መድኃኒት በዚህ ሙቀት ውጭ ከዋለ ይበላሻል። መድኃኒቱ ከተበላሸ ማይሙና ትወድቃለች። አምና መብራት ሄዶ የዋለ ጊዜ ወድቃ አይተዋታል።

ነጃት ይህንኑ ለከሊፋ ነግራዋለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለአንዷ ከተከፈተ ለሁሉም ይከፈታል፣ መድኃኒቷን ፋርማሲው ያስቀምጥላት አለ። ቁልፍ ያለው ሲመጣ በሩ እንደሚዘጋም አንቺው ንገሪያቸው አላት። እሷም እሺ ብላ፣ በየቀኑ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ከረመች።

«ይሄ በእውነት ትንሽ ነው የሚበላው?» ብላ ኑረዲንን ጠየቀችው።

በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት፤ አረንጓዴው መስመር ጥሩ ነው፣ ቀዩ መጥፎ። ይሄኛው አረንጓዴ ነው፣ ለሙቅ አገር የተሠራ ነው፣ ሞተሩም ሲበርድለት ረጋ ብሎ ይሠራል እንጂ እየጠፋ እየተነሳ አይታገልም። ነገር ግን ወረቀቱ የሚለው ዘግተው ለሚያኖሩት ፍሪጅ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ ይገባል፣ ሞተሩም እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ለመሆኑ ስንት ናችሁ?» አለ።

ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ከሊፋና ልጃቸው ውዳድ። ሦስት ልትል አፏን ከፈተች።

«ብዙ ነን» አለች።

ኑረዲን ሳቀ። ብዙ ከሆናችሁማ ይሄ አይበቃችሁም፣ ትንሽ ፍሪጅ ሲጨናነቅ የባሰ ነው የሚበላው ብሎ ወደ ጎን ወሰዳት። እዚያ የቆመው ሁለት በር ያለው፣ ሰፋ ያለ፣ ወረቀቱ ያው አረንጓዴ ነው። ቁልፍ የለውም። ነጃት ዞር ዞር ብላ ካየችው በኋላ የቁልፉን ቀዳዳ ስትፈልግ እንደነበር ገባትና አፈረች። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለራሷ ልብስ ካስቀመጠችው ጨመረችበትና፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ ቶሎ ጫኑልኝ አለች።

በፒክአፑ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ከከሊፋ ጋር በሐሳቧ ተከራከረች። ከባሏ ትእዛዝ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው ማለት ውሸት ይሆናል፤ ይህን በሚያክል ዕቃ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ይጮሃል፤ ይጩህ። ከእንግዲህ ለጎረቤት የሚነገር ክፉ ወሬ የለም፣ ማይሙና ፊት ቆማ መድኃኒትሽን ውሰጂ ማለት አይጠበቅባትም። እንዲህ ቀለል ያላት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ነፋሱ እሳት እሳት እያለ ይገባል፣ እሷ ፈገግ ትላለች።

ተሸካሚዎቹ አዲሱን ፍሪጅ ጥግ አቁመው ሲሄዱ ዕቃ ልታዛውር አሮጌውን ከፈተችው። ያሉት እንቁላሎቿ፣ ቲማቲሟና ግማሽ ሎሚ ናቸው። ጠርሙሶቹ የሉም። ወተቱም የለም። በሩ ላይ ከእንቁላሎቹ ጎን ያለው ቦታ በጨርቅ ተወልውሏል።

ወጣች። ዓይናለም በረዶ መያዣ ሳጥን ገዝታለች፤ እስከ ዛሬ አስቸገርንሽ ብላ ፈገግ አለች። ሶማሌዎቹም ወተቱን ከእንግዲህ እያፈላን ነው የምንጠጣው አሉ፣ እነሱም ፈገግ አሉ። ማይሙና ቀና ሳትል፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ መድኃኒቱን አምቡሊ ዘመዴ ጋ ልኬዋለሁ፣ እሷ ትልቅ ፍሪጅ አላት አለች። አላህ ይስጥሽም አለቻት። ማንም ምንም አላጠፋም፣ ማንም አልተቀየመም፤ ሁሉም እያመሰገነ ዕቃውን አውጥቷል።

ከሊፋ ሲመጣ ስለ ፍሪጁ አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«ለሰው ምን ብለህ ነበር?»

ለማንም ምንም አላልኩም አለ። ኋላ ግን ትዝ አለው። በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ ጨዋታው ሲደራ፣ ሰሞኑን ቁልፍ ያለው ይመጣል፣ ከእንግዲህ ዘበኛ አልቀጥርም ብሎ ነበር። ቀልድ ነው። ሁሉም ስቋል፤ የዓይናለም ባል እንዲያውም ከሁሉም በላይ ስቋል። በዚያ ግቢ ግን ሰው እስኪከለከል አይጠብቅም። ልከለከል ነው ብሎ ከጠረጠረ፣ የሚከለክለው ሰው እንዳያፍር ሲል ቀድሞ እጁን ይሰበስባል። ከሊፋ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ እሱም እንዲሁ ነው ያደገው። ሰፊውን ፍሪጅ ትክ ብሎ አየው፤ ቁልፉ የታለ ብሎ አልጠየቀም። ሰክቶት ውሃ አስገባበት፤ ከዚያ ጫማውን ሳያወልቅ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

ነጃት አላስቻላትም። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ግቢውን አቋርጣ ትመለሳለች። የመግሪብ አዛን ሳይጠራ ወደ ማይሙና ክፍል ገባች። ጥግ ላይ በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንስራ አለ፤ ቬንትሌተሩ ወደ ማይሙና ሳይሆን ወደ እንስራው ዞሯል። ጫት እንዳይጠወልግ እንዲህ ነው የሚያዘው። ነጃት እጇን ወደ እንስራው ሰደደች። የመድኃኒቱ ካርቶን ለብ ብሏል።

«አምቡሊ ነው ያልሽኝ፣ አዴ።»

ማይሙና አልተደናገጠችም። «በኔ የተነሳ ከባልሽ እንድትጣዪ አልፈልግም» አለች።

ነጃት ማለች፣ ለመነች። አዲሱ ቁልፍ የለውም፣ ገብተሽ እይው አለች። ማይሙና እሰይ፣ አላህ በረካ ያድርግልሽ አለች፤ ከዚያ በላይ ግን ንቅንቅ የለም። ነጃት ተናደደችም ፈራችም፤ መድኃኒቱ ገና ያልተበላሸ እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ይህች ሴት ግን ታመሰግናለች። ማይሙና ወጉ ነውና ለእንግዳዋ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ ዘረጋችላት። ነጃት አልተቀበለቻትም። ምንጣፉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ቀዝቃዛ ስጪኝ።»

«ቀዝቃዛ ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ ቤት አለ። ሄደሽ አምጪልኝ፣ እንግዳሽ ነኝ።»

ማይሙና ኩባያውን እንደያዘች ቆመች። ደጇን ረግጦ ውሃ የጠየቃትን ሰው ከልክላ አታውቅም፤ ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ነውር አልተማረችም። ልትስቅም ልትቆጣም የፈለገች ትመስላለች። ነጃት ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዙራ፣ የክሩን ማጠንጠኛ እያየች ጠበቀች። ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ቀጥሎ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ግቢውን ተሻግሮ ሄደ። ዞር ስትል ጆንያው ተገልጦ መሬት ላይ ወድቋል፤ እንስራው ውስጥም ካርቶኑ የለም።

«ነጃት» አለች ማይሙና ከወዲያ። «ይሄ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

ነጃት መልስ ልትሰጥ ስትል የከሊፋ ድምፅ ቀደማት።

«ቆይ አዴ፣ እኔ ልክፈትልሽ» አለ።