የፎቶ አገጭ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የአንዱ ትከሻ ዝቅ ያለ እንደሆነ ከውስጥ ጨርቅ ደርባ ታስተካክልለታለች። የልጇን መንጋጋ ግን በምን ትደርበው? የታችኛው መንጋጋዋ እያደገች በሄደች ቁጥር ወደ ግራ እየዞረ፣ አሁን ዳቦ እንኳ በእጇ ካልቆራረሰች አይሆንላትም። ቀዶ ጥገናው እየደረሰ ነው። እኔም ቤቴ ሥራ የሌለኝ ይመስል ከእናትና ልጅ ጋር ሆስፒታል እንከራተታለሁ።

የዛሬው ጥሪ የመጣው ከዕቅድ ክፍሉ ነው። አጥንቱን የሚቆርጠው ሐኪም ሌላ ነው፤ የዚህኛው ሥራ የት ተቆርጦ ወዴት እንደሚገፋ አስቀድሞ በኮምፒውተር ማስላት ነው። እኔ “ሠዓሊው” ብዬዋለሁ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ሻዩ አጠገቡ ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ የልጅቷ ራስ ቅል ቀስ እያለ ይዞራል።

“ይሄ ሁሉ አጥንት የሷ ነው?” አልኩ። “ስናያት እኮ ሚጢጢ ናት።”

አልሳቀም። “እናቴ፣” አላት ጎረቤቴን፣ “ዕቅዱን ልጥለው ነው።”

ጎረቤቴ ወንበሩን ዳብሳ ተቀመጠች። “ምን አጠፋን?”

“ባለፈው የራስ ቅሏ ምስል ሲነሳ በራሷ አነካከስ አልነከሰችም። መንጋጋዋን ወደ ቀኝ ጎትታ፣ አስተካክላ ነው የያዘችው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያሳዩትን ያምናል። ጥርሶቿ የተፋጩበት ቦታ ግን በዚህ አያያዝ አይገጥምም። በዚህ ዕቅድ ብንቆርጥ ግማሹን ጥመት ትተንላት ነው የምንሰፋው።”

ልጅቷ ወለሉን አየች። “እኔ ዝም ብዬ ነው የነከስኩት” አለች።

እውነቷን ነው። ፎቶ ሊነሳ ሲል እናቷ “አገጭሽን!” ትላታለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። የዚያን ቀንም ወደ መሣሪያው ስትገባ ከበሩ ላይ ሆና “አገጭሽን!” ስትላት ሰምቻለሁ። ማናችንም ልብ አላልነውም።

“የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ብዬ እኮ ነው” አለች ጎረቤቴ።

“ተይው ባክሽ፣ እኔስ ፎቶ ስነሳ ሆዴን እስብ የለ?” አልኳት።

ሠዓሊው የአነካከሷን ቅርጽ የሚይዝ አዲስ ሰም አስነከሳት። መንጋጋው ወደ ቀኝ ሄደ። ደገመች፤ አሁንም ወደ ቀኝ። “ጡንቻው ለምዶታል፣ እናድክመው” ብሎ የፊት ጥርሶቿ መሃል ጥጥ አስይዞ ኮሪደር ላይ አስቀመጠን። ልጅቷ ምራቋን በመሐረብ እየጠረገች፣ እናቷ የመሐረቡን ጫፍ እያስተካከለች፣ እኔ እያዛጋሁ ቆየን። የሦስታችንም ጉልበት አልቆ ነበር። ይህ ካልተሳካ ወይ በተሳሳተ ዕቅድ መቆረጥ ነው፣ ወይ እንደ ጠመሙ መቅረት።

ተጠራን። ጥጡ ወጣ፣ ሰሙ ገባ። ልጅቷ አፏን ልትገጥም ስትል ዓይኗ ወደ እናቷ ሄደ። እናቷ ምንም አላለችም፤ የራሷ አገጭ ግን ሳታውቀው ወደ ቀኝ ሸተት አለ። አየሁት። ልጅቷም አይታዋለች።

“እማ፣ ውጪ ጠብቂኝ።”

“እኔ ምን አደረግኩ?”

“ምንም። ግን ውጪ ሁኚልኝ።”

ጎረቤቴ እንደ ተገፋ ሰው ሆና ወጣች።

“እኔስ ልውጣ?” አልኩ።

“እትዬ፣ አንቺ ብታዪኝ ምንም አይመስለኝም።”

ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም፤ ቆምኩ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነችና ለቀቀችው። መንጋጋዋ ወደ ግራ ሄደ፣ ሄደ፣ ከምገምተው በላይ ሄደ። በአጥር ተዋስነን ስንኖር የልጅቷን ፊት አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ለካ። ሠዓሊው ትንፋሹን ውጦ ሰሙን ተቀበላት።

“ይሄው፣ አሁን ገጠመ” አለ። “ምስሉንም በዚህ አነካከስ እንደገና እናነሳለን። ቀጠሮው ይገፋል፤ ሁሉንም ከሀ እጀምራለሁ።” ፊቱን በሁለት እጁ አሸው።

ወጣሁ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ተደግፋለች።

“እንዴት ሆነ?”

“ጠመመ” አልኳት። “እንዲያ ሲጠምም አይቼ አላውቅም። ደስ ይበልሽ።”

“ተመስገን” አለች። ወደ ክፍሉ ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው፤ በሩ ከውስጥ እስኪከፈት እዚያው ቆመች።