የእታገኝ ካርድ በፉርቃን ኪስ

እታገኝ ዕድሜዋን ሁሉ «ለመርካቶ ሰው ካርድ ምን ይሠራለታል?» ስትል የኖረች ሴት ናት። ጫማ ተራ ውስጥ ሶልና ማስቲሽ፣ ገበርና ክር በጅምላ ስትሸጥ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ገንዘብ ማለት ለእሷ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው። ባንኩ ለኢስታንቡል ጉዞዋ የፈቀደላትን ዶላር «በካርድ ላይ ጭነን ነው የምንሰጥዎት» ሲላት ተጨቃጭቃ ተጨቃጭቃ፣ ሲደክማት ተቀበለች። ቪዛው ወጣ፣ ትኬቱ ተቆረጠ። ከዚያ የመሄጃዋ ቀን ሲቃረብ ከመጋዘኑ መሰላል ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረና እስከ ጉልበቷ ጄሶ ታሰረላት።

ካርዱን ለባንኩ መመለስ ነበረባት። ግን ስንት ወር ደጅ ጠንታ ያገኘችውን ዶላር ማን በገዛ እጁ ይመልሳል? የጎረቤቷ ሱቅ ባለቤት ፉርቃን በዚያው ሰሞን ወደ ኢስታንቡል ይሄድ ነበር። በጫማ ተራው ደንብ የሚሄድ ሰው የማይሄደውን ሰው ጉዳይ ይዞ ይሄዳል፤ ዕቃ ይመርጥለታል፣ ይከፍልለታል፣ ያስጭንለታል። እምቢ ማለት ነውር ነው። እናም እታገኝ በሚስቱ በምስራ ፊት ካርዱን ለፉርቃን ሰጠችው፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ነገረችው። የመጋዘን ቁልፍ እንደምትሰጠው ነው የሰጠችው። ካርድ ግን ስም አለው፤ የተጻፈበት ስም ደግሞ የሴት ስም ነው። ከአንድ ጥቅል ቆዳ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የማያመልጣቸው ሁለት ነጋዴዎች ይህን አላሰቡትም።

ሐሙስ ጠዋት ሱቋን ከፍታ እግሯን ካርቶን ላይ እንዳሳረፈች ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ እታገኝ ነዎት? ጸሎት እባላለሁ፣ ከባንኩ ካርድ ክፍል ነው የምደውለው። ካርድዎ ኢስታንቡል ውስጥ በአንድ ሰው እጅ ተይዟል። ባለሱቁ ፓስፖርት ሲጠይቀው ስሙ አልገጠመም፤ ፖሊስ ጠሩ። እርስዎ አሁን የት ነዎት?»

«መርካቶ።»

«ታዲያ ካርዱ እንዴት እዚያ ሄደ?»

እታገኝ ካርዱን የወሰደች ዕለት አንዷ የባንኩ ልጅ «ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው፣ በሕግ ያስጠይቃል» እያለች ስታስረዳት እሷ የሚራገፍ ጭነት ስለነበረባት በር በሩን እያየች ነበር የፈረመችው። ያን ጊዜ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው የወጣው ነገር አሁን ቃል በቃል ተመለሰ። የመርካቶ ነጋዴ የውጭ ምንዛሪና ሕግ የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ መጀመሪያ ሱቁን ነው የሚያስበው፤ እታገኝም ሱቋ በር ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያት።

«ተሰርቄ ነው» አለች።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው።

«ፉርቃን የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

«ጎረቤቴ ነው።»

«ገባኝ። ካርዱን ዘግተነዋል፣ ገንዘብዎ አልተነካም። ዛሬውኑ ወደ ቅርንጫፋችን መጥተው ቃልዎን ይፈርሙልን።»

ስልኩ ተዘጋ። እታገኝ ከራሷ ጋር ሙግት ገጠመች። ሄጄ አስተካክለዋለሁ አለች። ፉርቃን በምላሱ ሰይጣንንም ያሳምናል፣ ተናግሮ ያስረዳቸዋል አለች። ደግሞ እኔ በዚህ እግሬ ፍርድ ቤት ልመላለስ ነው? አለች። እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል ምስራ ከጎረቤት ሱቅ እየሮጠች ገባች። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፣ ስልኳን ጨምድዳ ይዛለች።

«እትዬ፣ ፉርቃንን አሰሩት! አብሮት የሄደው ልጅ አሁን ደወለልኝ። ካርድ ሰርቀሃል ይሉታል፤ የእርስዎን ካርድ! ወላሂ፣ በሰው አገር ሌባ ተብሎ!» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ባንክ እንሂድና እኔ ነኝ የሰጠሁት ይበሉልኝ። አንድ ቃል ነው እኮ።»

«እሺ፣ እንሂድ» አለች እታገኝ። ሌላ ምን ትበል?

ባንኩ ሲኒማ ራስ አጠገብ ነው። ለደህና እግር ምንም አይደለም፤ ለክራንች ግን፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ግፊያ፣ መከራ ነበር። ምስራ ከፊት እየሆነች ተሸካሚዎቹን «ቀስ በሉ እንጂ፣ የታመመ ሰው አለ!» እያለች ትቆጣለች፤ ተመልሳ ብብቷን ትደግፋታለች። ላቧን በገዛ ሻሿ ጠረገችላት። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር፣ እትዬ» አለቻት አንድ ቦታ ቆመው ሲያርፉ። እታገኝ ልትነግራት አፏን ከፈተች። አሸዋ የጫነ ጋሪ መጣና ገለል አሉ፤ ከዚያ በኋላ ድፍረቱ ጠፋ። በጋሪው ታመካኝ እንጂ፣ ፈርታ ነው።

ቅርንጫፉ ሲደርሱ ምስራ ውጭው አግዳሚ ላይ ቀረች። እታገኝ መስታወት ባለው ክፍል ገብታ ጸሎት ፊት ተቀመጠች። ጸሎት ልጇ የምትሆን፣ ጥርት ያለች ወጣት ናት።

«እንኳን መጡ፣ ነገሩ ቀሎልናል» አለች። «ከኢስታንቡል መልእክት ደርሶናል። ሰውየው አምኗል።»

«ምኑን ነው ያመነው?»

«መስረቁን። ባለካርዷ ምንም አታውቅም፣ ሱቋ ገብቼ ከመሳቢያዋ ነው የወሰድኩት ብሏል።»

እታገኝ ክራንቿን ጨበጠች። ፉርቃን ካርዱን መስጠቷ ምን እንደሚያስጠይቃት ከእሷ በላይ ያውቃል። እኔን ተዉኝ፣ እሷን አትንኳት ማለቱ ነው። ጠዋት እሷ ቀድማ አሳልፋ እንደሰጠችው ግን አያውቅም። ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ውሸት ዋሽተዋል፤ እሱ እሷን ለማዳን፣ እሷ ራሷን ለማዳን። ያን ጊዜ የተሰማት እፍረት ከእግሯ ስብራት ይበልጥ አመማት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለች ጸሎት። «እርስዎን የሚነካዎት ነገር የለም።»

«እሱስ?»

«እሱ እዚያው ይዳኛል። ይታሰራል፣ ከዚያ ያባርሩታል መሰለኝ።»

በመስታወቱ ምስራ ትታያለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አይዞዎት በሚል አኳኋን ራሷን ነቀነቀችላት። እታገኝ ፈርማ ብትወጣና «ነገርኳቸው፣ አልሰማ አሉኝ» ብትላት ታምናታለች። ማን ያውቃል? ክሱ ላይ ፊርማዋን የሚያየው ፉርቃን ብቻ። እሱ ደግሞ እድሜ ልኩን አይናገርም። እታገኝን ያስፈራት ይኸው ነበር፤ በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት ሰላም ብሏት፣ ዝም ብሎ እንደሚኖር።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች።

ጸሎት ቀና አለች። «ምን አሉ?»

«ካርዱንም ቁጥሩንም እኔ ነኝ የሰጠሁት። ጠዋት ዋሽቼሻለሁ።»

ልጅቷ ተነስታ በሩን ዘጋች። «እናቴ፣ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ? ነገሩ ለሕግ ክፍል ይሄዳል። ዳግም የውጭ ምንዛሪ አያገኙም፤ ክስም ይኖራል። ደግሞስ፣ ሰውየው ካመነ በኋላ ለጎረቤቷ አዝና ነው ቢሉዎትስ? ሲሰጡት ያየ ሰው አለ?»

አለ። እታገኝ ወደ አግዳሚው በአገጯ አመለከተች።

ምስራ ገብታ ሳትቀመጥ ነው የተጠየቀችው። «አይቻለሁ እንጂ! እኔው ነኝ የጃኬቱ ገበር ውስጥ ኪስ የሰፋሁለት። እትዬ እኮ በእጃቸው ነው የሰጡት፣ ቁጥሩንም ሦስቴ አስደገሙት።»

«እንግዲያው ጠዋት ለምን ተሰርቄ ነው አሉ?» አለች ጸሎት ወደ እታገኝ ዞራ።

ምስራ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ እታገኝን አየች። «ማን ነው ተሰርቄ ነው ያለው?»

ጸሎት ሳታውቅ የነካችው ነገር ገባትና ወረቀቶቿን ማስተካከል ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለች እታገኝ። «አንቺ ሳትመጪ፣ ሲደውሉልኝ። ፈራሁ፣ ምስራዬ።»

ምስራ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የነበረው ልመና ቀስ በቀስ ጠፋ፤ የወረደ ሻሿን መልሳ አሰረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እታገኝ ገፋችው።

«እውነቱን ይጻፉና ይፈርሙ» አለች። «እሱ ሲመጣ ይህን እኔ አልነግረውም። እርስዎ ነዎት የሚነግሩት።»

እታገኝ እስክሪብቶውን አነሳች።