የተዘለለው መስመር

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። እንደው በዚህ ሰዓት ሰው አይጠየቅም፣ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ካርታው በባሌ ስም ብቻ ከሆነ፣ እኔ ሳልፈርም ቤቱን መሸጥ ይችላል?»

የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ከንፈሯን መጠጠች፣ ዓይኗን ሁለት ጊዜ ጠረገች፣ ከዚያ የመጣችበትን ነገር አወጣችው። ጸሐፊዋም እናቷን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ቢሆንም፣ አፏ ለምዶበታልና መለሰች።

«ከጋብቻ በኋላ የተገዛ ከሆነ አይችልም። የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል።»

«እሰይ! ብዬው ነበር እኮ!» አለችና ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነፍሷን ይማረው» ብላ ሻይዋን አነሳች።

እንግዲህ ሰው ምን ያድርግ! ጸሐፊዋ ከውል ማጽደቂያው ቢሮ በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ የጽሕፈት መኪና ይዛ ሃያ ዓመት ተቀምጣለች። በሰፈሩ ቤት የገዛ፣ የሸጠ፣ ያስያዘ ሁሉ በእጇ አልፏል። ጠበቃ አይደለችም፤ ጠበቃ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት ግን እሷ ዘንድ ይመጣሉ፣ ብዙዎቹም ከእሷ አያልፉም።

ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው ወንበሩን ጎተት አድርጎ ተጠጋ። ለቤት ቀብድ ከፍሎ ሻጩ እያንገራገረበት ነው።

«ውሉን አምጣልኝ፣ አየዋለሁ» አለችው። «ቀሪውን ከመክፈልህ በፊት ግን ቤቱ ዕዳና እግድ…»

«ዕዳና እግድ ምን?»

«እንደሌለበት አስጣራ» አለች፤ ተነስታም ወደ ጓዳ ገባች። ዳቦ ጋጋሪው እናቷ ትዝ ብላት መሰለው። ምስኪን!

ጓዳ ገብታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች። በውስጡ ከአበዳሪው ድርጅት የመጣው ደብዳቤ አለ። እናቷ አልጋ ላይ ሳለች የመጣ ነው። ውዝፉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ይህ አሁን ለቀስተኛ የተቀመጠበት ቤት በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ቤቱ መያዙን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ወንድሟ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ እንኳን ደብዳቤውን ብድሩንም አልሰማ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

በዚያው ቀን አጎቷ ጠራት። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፣ የመሬት ቀያሽ ነበር። እሱ ጡረታ ቢወጣም ዓይኑ ጡረታ አልወጣም፤ ለቅሶ ተቀምጦ እንኳ የግቢውን ስፋት በዓይኑ ይለካል።

«ነገ ሰው ቀለል ሲል» አላት፣ «ካርታውን አውጥተሽ ታነቢልናለሽ። የወራሽነቱን ማስረጃ ማውጣት አለብን፤ ቤት በሟች ስም ተንጠልጥሎ አይቀርም።»

«እሷ ካነበበችው ይበቃል» አለ ወንድሟ። «እኔ ደግሜ አላይም።»

ይህንን ሲል ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። አንድ ሰው ከዚህ በፊት እንዲሁ ብሏታልና።

እናቷ ሹራብ ሠሪ ነበረች፤ የሦስት ትምህርት ቤት ልጆችን የምታለብስ። ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ሌላ ያልቆጠረችው ነገር አልነበረም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሰው ጸሎት ይመስለዋል፤ ረድፍ እየቆጠረች ነው። «አንድ ረድፍ ከዘለልሽ ሹራቡ ራሱ ይናገርብሻል» ትል ነበር።

ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት ማንበብ ቻለች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናቷ ዓይን ሆነች። ስሟም በቤት ውስጥ «ዓይኔ» ሆኖ ቀረ። ደብዳቤም ሆነ የውሃ ቢል ሲመጣ እናት የሹራብ መሥሪያውን ወስፌ ትሰጣትና፣ «ከሥር ከሥሩ እያስኬድሽ አንብቢልኝ፤ የት እንደደረስሽ ልይ» ትላታለች። ልጅቷ አድጋ በረንዳው ላይ ስትቀመጥም ልማዱ አልለቀቃትም። ማንበብ ለማይችል ባለጉዳይ ስታነብ እስክሪብቶዋን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ታስኬዳለች። ሰው በዚህ ይወዳታል፤ «እሷ ዘንድ አይሸወዱም» ይላል።

ከሰባት ዓመት በፊት የራሷ ቤት እንዲኖራት ፈለገች። ሁለት ክፍል፣ ትንሽ በረንዳ፣ ዋጋውም ጥሩ። ሻጩ እየተቻኮለ ነበር፣ እሷም ሌላ ገዢ እንዳይቀድማት ተቻኮለች፤ ለሰው ሁሉ «እግድ አስጣሩ» የምትለው ሴትዮ ሳታስጣራ ከፈለች። ቤቱ ለካ በፍርድ ቤት ታግዷል! ሻጩም የውሃ ሽታ ሆነ። ለማን ትናገር? የበረንዳዋ ሊቅ ተሞኘች ይባል?

የከፈለችው ገንዘብ ብድር ነው፣ ለብድሩም መያዣ ሆኖ የቀረበው የእናቷ ቤት። «ዋስ ትሆኚኛለሽ፣ የሰው ዋስ ብቻ ነው» አለቻት እናቷን። ካርታውን ደግሞ «ላሳድሰው» ብላ አስቀድማ ወስዳዋለች። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሉን አነበበችላት፤ እስክሪብቶው ከመስመር መስመር ወረደ። አንዱ ጋ ሲደርስ ዘለለ። «ለዚህ ብድር አከፋፈል ዋስትና የመኖሪያ ቤቴን በመያዣነት ሰጥቻለሁ» የሚለው መስመር ነበር።

«አለቀ?» አለች እናት።

«አለቀ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እናት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቢሮ ሲገቡ ሠራተኛው «ውሉ ተነቦልሽ ተረድተሽዋል እናቴ?» ሲላት፣ «ዓይኔ አንብባልኛለች» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ላይ አሳረፈች። ሹራብ ሲሠራ የኖረ ጣት አሻራው ለስልሶ ስለነበር ሁለት ጊዜ ማተም አስፈለገ።

በመጨረሻዋ ሳምንት የመድኃኒቱን ወረቀት ስታነብላት እናት እጇን ያዘቻት። «ዓይኔ፣ ያላነበብሽልኝ የቀረ ነገር አለ?»

«የለም እማዬ፤ ጨርሼዋለሁ።»

እናት ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጸሐፊዋ ያኔ የመድኃኒቱን ወረቀት ነው ያለችኝ ብላ ራሷን ሸነገለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ለቀስተኛው ሳሳ። አጎቷ፣ ወንድሟና የእናቷ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ቀሩ። ጓደኛዋ ጎረቤት ናት፣ ትምህርት ቤት ደወል ስትደውል ኖራ ሰፈሩ «እትዬ ደወል» ይላታል። ነገር ሰምታ ዝም የምትል ብቸኛዋ ደወል ናት እየተባለም ይቀለድባታል።

አጎቷ ሟች ካርታዋን ታኖርበት የነበረውን የክር ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በይ፣ ካርታውን።»

ጸሐፊዋ ሳጥኑን አልከፈተችም። ከቦርሳዋ የውሉን ቅጂ አወጣች፣ እስክሪብቶዋንም።

«ካርታው እዚህ የለም። ይህንን ላንብብላችሁ። እስክጨርስ ዝም በሉኝ።»

አነበበች። እስክሪብቶው መስመር በመስመር ወረደ። ያ መስመር ጋ ሲደርስ ቆመ። ቢሆንም አነበበችው፣ ቃል በቃል። ከዚያም «ይህንን ለእማዬ አላነበብኩላትም» አለች። ደብዳቤውንም አወጣች።

ወንድሟ ደብዳቤውን አየና ተነሳ። «ልጆቼ የሚተኙበትን ቤት ነው ያስያዝሽው?»

«አዎ።»

«ዓምና ሳጥኑን ከፍቼ ካርታውን ሳጣው ለእማዬ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? 'ከእኔ ነው የሸሸግሽው፣ አታምኚኝም' አልኳት። አራት ወር አኮረፍኳት! አራት ወር ሙሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሰላም ሳልላት ወጣሁ፣ ገባሁ። ዝም አለችኝ። ምንም አላወቀችም እኮ!»

«ታውቅ ነበር» አለች እትዬ ደወል።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«የፈረመች ዕለት ማታ ቤቴ መጣች። 'አሥራ አራት ረድፍ ነበረው፤ እስክሪብቶዋ የወረደው አሥራ ሦስት ጊዜ ነው። ልጄ አንድ ረድፍ ዘለለችብኝ' አለች።»

«ታዲያ እያወቀች ለምን አተመች?» አለ አጎት።

«እኔስ አልጠየቅኳትም? 'ዓይኔን ካላመንኩ በምን አይቼ ልሂድ' አለችኝ። 'አንድ ቀን ተመልሳ ታነብልኛለች፤ እጠብቃታለሁ' አለች። ስትጠብቅ ኖረች።»

ጸሐፊዋ አላለቀሰችም። ልቅሶ እንኳ ለእሷ የሚገባ አልመሰላትም። እናቷ በራሷ ላይ የሌላውን ልጅ ኩርፊያ ተሸክማ፣ የእሷን ስም ሳታነሳ፣ ለሰባት ዓመት አንዲት መስመር ስትጠብቅ ኖራለች። ስትሞት እንኳ በሩን ከፍታላት ነበር፣ እሷ ግን «ጨርሼዋለሁ» ብላ ዘጋችው። አፈረች። ከዚህ በፊት አፍሬያለሁ ያለችው ሁሉ ለካ ፍርሃት ነበር።

ወንድሟ ወጣ። የግቢው በር ሲንቋቋ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ገባና ከፊቷ ተቀመጠ።

«ነገ ጠዋት አበዳሪዎቹ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አለ አጎት። «ጊዜ እንዲሰጡን እንለምናለን። አሁን ግን ነገሩ በጽሑፍ ይሁን።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ዕዳው የእሷ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚህ ቤት የሚደርሳት ድርሻ ሁሉ ለዕዳው እንደሚውል፣ ከወንድሟ ድርሻ አንዳች እንደማይነካ። ስትጨርስ እንደ ልማዷ እስክሪብቶዋን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስጠጋች።

«ተይው» አላት ወንድሟ። «አንቺ አታነቢውም።»

እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰደ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ከመንገድ ምልክት ሌላ ብዙም አላነበበም። ፊደሉን እየነጠለ፣ አንዳንዱን እየሳተና እየመለሰ፣ እስክሪብቶውን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር አስኬደ። እሷ ራሷ የጻፈችውን ወረቀት፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደማታነብ ሰው ሰማችው። ሲወርድ ቆጠረች። ዘጠኝ መስመር ነበር፤ ዘጠኝ ጊዜ ወረደ።

«አለቀ» አላት። «ሁሉንም ነው ያነበብኩልሽ።» ከዚያም እንድትፈርም እስክሪብቶውን ዘረጋላት።

እስክሪብቶውን አልተቀበለችም። መፈረም ለማይችሉ ባለጉዳዮች የምትይዘውን የአሻራ ቀለም ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች፣ አውራ ጣቷንም ቀለሙ ላይ አሳረፈች።