ዳጉ ያልጠየቁት ሽማግሌ

አባባ መሀመድአሚን በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ "ኧረ ደረቴን!" ብለው ሎጊያ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ወደ ሰመራ ሆስፒታል ተልከዋል። ሦስቴም ምንም አልተገኘባቸውም። የጎደላቸው ወሬ ነዋ! ሆስፒታሉ ደጅ ከአገራቸው ከአፋምቦ የመጣ አስታማሚ አይጠፋም፤ እሳቸውም አንዱን ይይዙና ዳጉ ሲቀባበሉ ይውላሉ፦ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ዝናብ የት ጣለ። ከዚያ ድነው ይመለሳሉ።

የመጦሪያውን ነርስ ሲስተር ስንቅነሽን ግን ጉድ ሠሯት። ኃላፊው እስክንድር ጠራትና "ያለችን አንዲት መኪና ናት። አንዴ ደግመሽ ከተሸወድሽ ሪፈር መጻፍ ቀረ፤ እኔ ራሴ እወስናለሁ" አላት። ስለ ሕክምና እኮ ምንም አያውቅም!

ማክሰኞ ጠዋት አባባ ጋደም ብለው አገኘቻቸው። ትኩሳት የለም፤ ግፊቱም ደህና ነው።

"ደረትዎን ያምዎታል?"

"ደህና ነኝ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ።"

እሰይ፣ ዛሬስ ተገላገልኩ ብላ ልትወጣ ስትል የወንድማቸው ልጅ ከአፋምቦ መጥቶ ገባ። አባባ እጃቸውን ሰጡትና ዓይናቸውን ከደኑ። በቃ።

ስንቅነሽ ክው አለች። አፋር ሆነው፣ ያውም እሳቸው፣ ከአገር የመጣ ሰው ፊታቸው ቆሞ ዳጉ አይጠይቁም? ልካቸው ደህና ቢሆኑ ጉዷ ፈላ። ትታቸው ቢሞቱስ? "የመጣው ይምጣ!" አለችና መኪናዋን አስነሳች።

እስክንድር ወረቀቱን ነጥቆ አነበበ፦ "የሪፈር ምክንያት፦ ዳጉ አልጠየቁም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?"

"አብጃለሁ። መንገድ ልቀቅ!"

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። የሳንባ ምች ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ ነገ ቢመጡ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር አላት። ስንቅነሽ ስልኩን ዘግታ በደስታ አለቀሰች። እስክንድርም አንገቱን ደፍቶ "ሪፈሩን አንቺው ጻፊ" አለ።

ወሬው መጦሪያውን አዳረሰው። በማግስቱ ሴቶቹ ክፍል ገብታ "እንዴት አደራችሁ?" ብትል ጭጭ! አምስቱም አንሶላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ወደ ግድግዳ ዞረዋል። ወሬ የማያመልጣቸው እማማ ኡሙሀኒ እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ስንቅነሽ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "በሉ እረፉ። የማደያው ባለቤት ልጅ በኒካዋ ዕለት ከቦቴ ሾፌር ጋር መጥፋቷን ሲሻላችሁ እነግራችኋለሁ" ብላ ወደ በሩ አመራች።

"ከየትኛው ሾፌር?" አሉ እማማ ኡሙሀኒ፣ ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ጫማቸውን እንደተጫሙ ከአልጋው ብድግ ብለው።