ጤነኞቹን ሳታይ

"ጠፍቷል! ዶክተር፣ ድርግም ብሎ ጠፍቷል!" አለች ባለመብራቷ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳትነቅል።

በወዲያኛው ጫፍ ያለው የደም ካንሰር ሐኪም ጆሮውን አላመነም። "አትቀልጂ!"

"በሥራዬ ቀልጄ አውቃለሁ? በሽተኛው መድኃኒቱን ሳይጀምሩ እንደዚያ ይንቦገቦግ የነበረው አሁን ጭል ጭል እንኳን አይልም። ሂድና አብስራቸው፤ ቤታቸው ይግቡ።"

ሐኪሙ ደህና ዋይም ሳይላት ስልኩን ዘጋው። እየሮጠ ወደ በሽተኛው ክፍል እንደሄደ ገባትና ብቻዋን ሳቀች።

ባለመብራቷ የሚል ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው፤ ሥራዋን በሌላ ቃል ማስረዳት ቢያቅታቸው። እሷም ወዳዋለች። በእርግጥም የምትሠራው መብራት ማብራት ነው። በሰው ሴል ውስጥ "ተባዛ" የሚል ትእዛዝ እየተቀባበሉ የሚያደርሱ ፕሮቲኖች አሉ፤ ትእዛዙን የያዘው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የምትባል ቅንጣት ትለጠፍበታለች። ባለመብራቷ ሴሎቹ ላይ አብሪ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ ትጨምራለች። አንቲቦዲው ፎስፌት ያለበትን ብቻ ለይቶ ጥብቅ ይላል፣ ሌላውን ዞር ብሎም አያየው። ከዚያ ሴሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ሲያልፉ፣ ትእዛዝ የተሸከሙት አረንጓዴ ያበራሉ። የዚህ በሽተኛ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የታመሙ ሴሎች ሲያበሩ ለጉድ ነበር። መድኃኒቱ ከሠራ መጥፋት አለባቸው። ከጠፉ ሰውየው ኪኒኑን ይዞ ቤቱ ይገባል። ካልጠፉ ግን በዚያ ኪኒን የሚያልፈው ቀን ሁሉ ለበሽታው በነጻ የተሰጠ ቀን ነው።

ሪፖርቱን ለመጻፍ አንድ ምስል ቀርቷታል። ለወጉ ያህል የምታየው ነው፤ በዚያው ደም ውስጥ ያሉትን፣ መድኃኒቱ የማይነካቸውን ጤነኛ ሴሎች ያሳያል። እነሱም የየራሳቸው ሥራ ስላላቸው ሁልጊዜ ፈዘዝ ያለ ብርሃን አያጡም። ከፈተችው።

ጤነኞቹም ጨልመዋል።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለች ብቻዋን።

ማሽኑን በሌላ ናሙና ፈተሸችው፤ ደህና ነው። አንቲቦዲውን ከአዲስ ብልቃጥ ቀድታ ደገመችው፤ ያው ጨለማ። እንግዲህ የቀረው ደሙ ራሱ ነበር። ከመደወሏ በፊት ልታየው የሚገባትን ከደወለች በኋላ በማየቷ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ጋወኗን እንኳን ሳትቆልፍ ደረጃውን ወጣች።

አንጋፋዋን ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏትን፣ የመድኃኒት ጋሪ ስትገፋ አገኘቻት።

"ሲስተር፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ደም ጠዋት ማን ነው የቀዳው?"

"እኔ ነኛ! ያውም ሌላው ሁሉ ያጣውን ሥር በአንዴ አግኝቼ።"

"ከቀዱት በኋላስ?"

"ተላላኪው ሌላ ፎቅ ሄዶ ነበር። እንዳይበላሽብሽ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩልሽ።" ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ አለች።

በሲስተር መፍረድ ከባድ ነው። ለብዙ ምርመራ ደሙን ያቀዘቀዘ ሰው ደግ አደረገ ይባላል። ይህኛው ምርመራ ግን አመለኛ ነው፤ ሴሎቹ ከክንድ እንደወጡ ወዲያው ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ገብተው በነበሩበት ቀጥ ማለት አለባቸው። ከቆዩና ከቀዘቀዙ ፎስፌቱ ይረግፋል፣ የታመመውም ጤነኛውም እኩል ይጨልማል። ባለመብራቷ ይህን ለነርሶቹ ስታስረዳ ሲስተር እረፍት ላይ ነበረች፤ ለብቻዋ የነገራትም የለም።

ነገሩን ስትሰማ ሲስተር ጋሪውን ለቀቀችው። "ምነው እጄን በቆረጠው! ዶክተሩ እኮ ቅድም አብስሯቸው ወጥቷል!"

"እጅዎ ምን አደረገ? እኔ ነኝ አፌ የቀደመኝ" አለችና ፎርማሊን ያለበትን ብልቃጥ ከኪሷ አውጥታ ወደ ክፍሉ ገባች።

የቧንቧ ሠራተኛው አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ ፊቷ ወለል ብሏል።

"መጣች ባለመብራቷ!" አለ ሰውየው። "ጠፍቷል ብላችሁናል፤ ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"ጋሼ፣ ትንሽ ደም ልውሰድ። የጠዋቱ ተበላሽቶብናል። ዶክተሩ የነገራችሁም ገና አልተረጋገጠም።"

ሚስቱ ሸሚዙን እንደያዘች ቆመች። "እንዴት ማለት?"

"እደግመዋለሁ፤ ውጤቱን ይዤ ራሴ እመጣለሁ።"

"ይኼ ክንድ እኮ ያረጀ ቧንቧ ሆኗል" አለ ሰውየው እጅጌውን እየሰበሰበ። "ብትከፍቺውም አየር ነው የሚወጣው።"

አየር ሳይሆን ደም ወጣ። ባለመብራቷ እዚያው አልጋው አጠገብ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ፎርማሊኑ ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ታች ወርዳ አጠበች፣ ቀለሙን ጨመረች፣ ጠበቀች። ምሳ አልበላችም።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲጨርስ መጀመሪያ የከፈተችው የጤነኞቹን ምስል ነው። ፈዘዝ ብለው፣ እንደ ወጋቸው፣ በርተዋል። የታመሙትን ከፈተች። አረንጓዴው ቦግ ብሎ ጠበቃት፤ መድኃኒቱ ንክች አላደረጋቸውም። አዘነች፣ ከልቧ አዘነች። ግን አልተጠራጠረችም፤ በዚህኛው ደም ማንም ቢከራከራት ትረታዋለች።

ደውላ የጠራችው ሐኪም ወርዶ ምስሉን አየና ፀጉሩን በእጁ ደባበሰ።

"ሁለተኛውን መድኃኒት ማዘዝ አለብኝ። ለሰዎቹ ግን ውጤቱ ሰኞ ነው የሚደርሰው ብንላቸውስ? ቅዳሜና እሁድን እንኳን ደስ ብሏቸው ይዋሉ። አሁን እዚያ ክፍል ገብቶ ያን ፊታቸውን ማየት…"

"ሰኞ ድረስ ያንኑ የማይሠራ ኪኒን ሊውጡ?"

"ሁለት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ነው።"

"አሁን ምስሉን ያየኸው አንተ አይደለህም እንዴ?"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "እውነትሽን ነው። በይ፣ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

"የለም። ጠፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ መድኃኒቱን እዘዝ።"

ወደ ክፍሉ ስትገባ የቧንቧ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር በስልክ እየተሟገተ ነበር። "ሰኞ እመጣለሁ አልኩህ እኮ! መሰላሌን ለማንም እንዳታውስብኝ።" ፊቷን ሲያይ ስልኩን ሳይዘጋ ደረቱ ላይ አስደገፈው።

"ጋሼ፣ አልጠፋም" አለች። "መድኃኒቱ አልሠራልዎትም። ዛሬውኑ ሌላ ይጀምራሉ፤ አሠራሩ ከዚህኛው ይለያል፣ ይሠራል ብዬም ተስፋ አለኝ።"

"ጠፍቷል አላላችሁም?" አለች ሚስቱ። "ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደውዬ ተናግሬአለሁ እኮ!"

"ብያለሁ። ደሙ ቀዝቅዞ ስለነበር ጤነኞቹ ሴሎችም ጨልመው ነበር። እነሱን ሳላይ ነው የተናገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ሚስቱ መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠቻት። ሰውየው የባለመብራቷን ፊት ትክ ብሎ አየው።

"የአዲሱን መሥራት በምን ታውቂያለሽ?"

"በሚቀጥለው ሳምንት ደም እወስዳለሁ።"

"ያኔ መጥተሽ ጠፍቷል ብትይኝ እንዴት አድርጌ ልመንሽ?"

ባለመብራቷ የላቦራቶሪዋ በር ትዝ አላት። ላቦራቶሪው ውስጥ በሽተኛ አይገባም፤ ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፣ በሩ ላይ የለጠፈችውም ራሷ።

"አይመኑኝ" አለች በመጨረሻ። "አብረን እንወርዳለን። ማሽኑ ፊት ይቀመጡና መጀመሪያ ጤነኞቹን ያያሉ፣ ቀጥሎ የታመሙትን። በርተው እንደሆነ፣ ጠፍተው እንደሆነ፣ ለእኔ የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ሰውየው ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ።

"አለህ? ሰኞ አልመጣም። ኧረ ደህና ነኝ… እዚሁ ሥራ ይዣለሁ። የምቆጣጠራት ልጅ አለች።"